ፊታቸውን አንቺ ቅቢልኝ

ጥቅምት 8

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጋሼስ እንዴት ነው? እኔ ዛሬም በእግሬ ቆሜ እውላለሁ፤ ላቆመኝ ምስጋና ይግባው። ለእናንተም ቤታችሁን ያሙቅላችሁ፤ በራችሁን የሚያንኳኳ ሁሉ ደግ ወሬ ይዞ ይምጣ።

መደወል ይቀለኝ ነበር። ግን በስልክ አንቺ «ደህና ነን» ትያለሽ፣ እኔ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ «ይሰማሻል? ይሰማሃል?» ስንባባል ይቋረጣል። ስለዚህ ከሥራ እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራው ያው ነው። የሆስፒታሉ ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ። አንሶላ አያልቅም። አብራኝ የምትሠራ የአገራችን ልጅ አለች፤ ትልቁ የእንፋሎት መተኮሻ ላይ ስለምትውል ሁላችንም «እንፋሎት» ነው የምንላት። «የታመመ ሰው እስካለ እኛ ሥራ አንፈታም» እያለች ታጽናናናለች። ማጽናናት ከተባለ።

አሁን የምነግርሽን ሰምተሽ አትሳቂ። መሳቅሽ ካልቀረም ለብቻሽ ሳቂ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የምሰበስበው ነገር አለ። ትንንሽ የብረት ምስሎች ናቸው፤ ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። የተረት ዓለም ሰዎች ናቸው እንጂ ተራ ወታደሮች አይደሉም። ጋሻ የያዙ ድንኮች፣ ሰይፍ የጨበጡ አጽሞች፣ ጢማቸው ከጉልበታቸው ያለፈ አስማተኞች፣ ክንፍ ያላቸው ዘንዶዎች። እኔና አንቺ ልጆች ሳለን ነው የዚህ አገር ሰዎች ለጨዋታ ብለው ይሠሯቸው የነበረው። የሚሠሩት ቤቶች አብዛኞቹ ተዘግተዋል። ዛሬ የሚገኙት በአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው፤ የሞተ ሰው ዕቃ ሲሸጥ ከቆመ ሰዓትና በር ከሌለው ቁልፍ ጋር በአንድ ካርቶን ውስጥ ተደባልቀው። ቀለማቸው ተላልጧል፤ ወይም አንድ ልጅ በእናቱ የጥፍር ቀለም ለቅልቋቸዋል። አምጥቼ አጥባቸዋለሁ፣ አሮጌውን ቀለም አስለቅቄ እንደገና እቀባቸዋለሁ፣ ከዚያ መብራት ሥር አቁሜ ፎቶ አነሳቸዋለሁ። «እሁድ የት ዋልክ?» ስትይኝ «አረፍኩ» የምልሽ ይህንን ስሠራ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ፎቶ ቤት ሳለሽ ጥቁርና ነጩን ፎቶ በቀለም ስታሳምሪ የምትይዢው ቀጭን ብሩሽ አለ? የሙሽሮቹን ከንፈር የምትቀቢበት? ካለ፣ የአንዳንዶቹን ፊት ብቻ ቅቢልኝ። ልብሳቸውንና ጋሻቸውን ጨርሼዋለሁ። ፊት ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ ደክሞኛል።

ለጋሼ ሰላምታዬን ንገሪልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ


ኅዳር 20

ለወንድሜ ለጉንዳን፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ዕድሜ ይስጥህ፣ ጤና ይስጥህ፣ ልብ ይስጥህ። የመጨረሻውን ጠበቅ አድርጌ ነው የመረቅሁህ።

«ጋሼስ እንዴት ነው?» ብለህ አለፍክ። ጋሼህ እንዲህ ነው። ስትሮክ የመታው ጊዜ ነግሬህ «ይሻለዋል» ብለኸኝ ነበር። አልተሻለውም። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። አይናገርም። ሐኪሞቹ «ድምፁ አለ፤ ቃሉ ነው የጠፋበት» ይላሉ። ያ አፈ ጮሌ ባሌ፣ ሕፃን የሚያስቅ፣ ሙሽራ የሚያሽኮረምም ፎቶ አንሺ፣ ዛሬ ጣሪያ ሲያይ ይውላል። ጠዋት አገላብጠዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አንሶላ እቀይርለታለሁ። አንሶላ አያልቅም ትለኛለህ? አንተን እኮ ደመወዝ ይከፍሉሃል።

ጀርባው ላይ የአልጋ ቁስል ወጥቶበታል። ለሱ የሚሆን ቅባት፣ ከተገኘም በአየር የሚነፋውን ፍራሽ ፈልግልኝ። አሻንጉሊቱን ተወው። ይህን ያህል ዘመን ሰው አገር ኖረህ ያፈራኸው አጽምና ዘንዶ ነው ብዬ ለማን ልናገር? ልጅ ሳለህም መሬት ላይ ተደፍተህ ጠጠር ስትደረድር እራትህ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ጉንዳን ያልንህም ለዚያ ነው።

ብሩሹ አለ። ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ይዤው ወጣሁ። ይዤው ወጣሁ እንጂ ነክቼው አላውቅም።

እህትህ


ታኅሣሥ 14

ለክብርት እህቴ፣

ሰላም ከቤትሽ አይጥፋ። ጋሼንም የፈጣሪ እጅ ይዳብሰው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ አፍሬ ነው የቆየሁት። «ደመወዝ ይከፍሉሃል» ያልሽውን ለእንፋሎት ነገርኳት። እስከ ምሳ ሳቀች፤ ከምሳ በኋላ አለቀሰች። እሷም እናቷን ስታገላብጥ ኖራ ነው የመጣችው።

ወንድሟ ወደዚያ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ካርቶን ልኬልሻለሁ። ከላይ ቅባቱን ታገኛለሽ፤ ከሥሩ ፍራሹ ከነመንፊያው አለ። ከፍራሹ ሥር ደግሞ… እንግዲህ ስታያቸው አትቆጪ። በጥጥ ጠቅልዬአቸዋለሁ። ጉልበት ካገኘሽ ብቻ። ካላገኘሽ እዚያው ይተኙ።

ምናልባት ከጀመርሽ፣ ቀለሙን ውሃ አብዢበት። አንዴ ወፍራም ከመቀባት እየደጋገሙ ስስ ማድረግ ይሻላል፤ ይህን ለአንቺ መናገሬ ድፍረት ነው። መጀመሪያ ቆዳውን ሙሉ ቅቢው። ሲደርቅ ቡናማውን እንደ ውሃ አቅጥነሽ አልብሺው፤ ራሱ ወርዶ በዓይን ጉድጓድና በአፍንጫ ጥግ ይተኛል። ከዚያ ጉንጩንና ግንባሩን ፈካ ባለው ትነኪዋለሽ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ እንደ ልማድሽ ብሩሹን በከንፈርሽ አታሹይው። ብረቱ ውስጥ እርሳስ አለበት፣ መርዝ ነው። ስትጨርሺም እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ጦር የያዘችውን ሴት ስታገኚያት ገልብጠሽ እያት። ከካባዋ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የጫማዋ ማሰሪያ ቋጠሮ ተቀርጿል። ማን እንደቀረጸው አይታወቅም። በመርፌ ጫፍ ታግሎ ቀረጸው፣ ከዚያ ለልጅ መጫወቻ ተብሎ ተሸጠ። እኔ የምተኩሰው አንሶላ በማግስቱ ተጨማዶ ይመለሳል። ያቺ ቋጠሮ ግን እስካሁን አልተፈታችም። ለምን ትሰበስባለህ ብትይኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ወንድምሽ


የካቲት 26

ለወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? የላከልን እጅህ አይዛል። ቁስሉ መድረቅ ጀምሯል። ፍራሹ ሲነፋ እንደ ድመት ይጉረመረማል፤ ሰውዬው ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እሱ ሲተኛ እኔም ትንሽ ጎኔን አሳርፋለሁ። ስለዚህ ምርቃቱ የሁለታችንም ነው።

የቆየሁብህ ጥጡን ለመፍታት ስለታከተኝ ነው። ካርቶኑ አልጋ ሥር ተቀምጦ ስጠርግ በመጥረጊያ እገፋው ነበር። ከላያችን ያለችው ልብስ ሰፊ መርፌ ልትዋስ መጥታ ከፍታ አየች። አጽሙን በሁለት ጣቷ አንስታ «ይሄ እቤት የሚቀመጥ ነገር ነው?» አለችኝ። «እሱ ምን ያደርጋል፣» አልኳት፣ «አይበላ፣ አይጠጣ፣ ተነሽ ገልብጪኝ አይል።» ያን ቀን ነው፣ እንዲያው እሷን ለማናደድ፣ ብሩሹን ያወጣሁት።

ባለጦሯን አስቀደምኩ። ቋጠሮውንም አየሁት። እውነትህን ነው፣ የተረገመ ሰው ነው የቀረጸው፤ ዓይኑን አጥፍቶበት መሆን አለበት። ፊቷን ቀባሁ። እጄ አልረሳም፤ የረሳሁት እኔ ነኝ። ለካ እጄ የሚያውቀው ሙሽራ ብቻ ነው። ጨርሼ ሳያት ከንፈሯ የጽጌረዳ፣ ጉንጯ ቀላ ያለ፣ ቅንድቧ የተቀነደበ። ጦር ይዛ ወደ ሠርጓ የምትሄድ መሰለች።

እስቲ ልላክልህና ትስቃለህ ብዬ መስኮቱ ጋ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳትና በስልኬ ላነሳት ጎንበስ አልኩ። ሰውዬው አልጋው ላይ ሆኖ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። «ውሃ?» አልኩት። አይደለም። «ልገልብጥህ?» አይደለም። ግራ እጁን ያወናጭፋል። ታክቶኝ የለ፣ እኔም ጮህኩበት፤ «ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ጥላ!» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ጥላ!» አለ ተቆጥቶ።

የራሴ ጥላ ምስሏ ላይ ወድቆ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ኖሮ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ቁጣ ነው። ስንጋባም ብዙ ያወራኝ ይህንኑ ነበር፤ «ሴትዮ፣ ከመብራቱ ገለል በይ።» ወጥ ቤት ገብቼ ድስቶቹን እያየሁ ቆምኩ። አለቀስኩ አልልህም። ቆምኩ።

ተመልሼ ገለል አልኩለት። ከዚያ በጣቱ እየጠቆመ መብራቱን ዝቅ አስደረገኝ፣ ግራጫ ሻርፔን ከጀርባዋ አሰቀለኝ፣ ነጭ ወረቀት በጎን አስያዘኝ። የተነሱትን አሳጥቤ ልኬልሃለሁ፤ በስልክ መስታወት ላይ ያለውን እሱ ፎቶ ብሎ አይቆጥረውም። አንዳንዶቹ ጀርባ ላይ የምጠይቅህን በእርሳስ ጽፌአለሁ፤ መልስልኝ።

ሌላ ካለህ ላክ። ለእኔ አይደለም። ለእሱ ነው።

እህትህ


መጋቢት 18

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ጋሼ ተናገረ የሚለውን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት። እንኳን ደስ ያለሽ! እንኳን ደስ ያለው!

ፎቶዎቹ በጣም ያምራሉ። የእኛ ሰብሳቢዎች ክበብ ውስጥ አሳየሁ፤ «ይህን ያነሳው ማነው?» አሉ። «አማቼ ነው፣ የፎቶ ሰው ነው» አልኳቸው። ባለጦሯን ወደዷት። ከሁሉም ይልቅ ግን ያ ረጅም ጢም ያለው አስማተኛ! ዓይኖቹን እንዴት አድርገሽ እንዲያ አሳመርሻቸው? የሚያይ ነው የሚመስለው።

ሌሎች እልካለሁ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ፊቱ ምን እንደሚመስል በጽሑፍ ግለጪልኝ። የተናደደ ነው? የደከመው ነው? ዝርዝሩን ማንበብ ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 9

ወንድሜ ሆይ፣

ሰላም ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ሰላም አይደለህም።

አስማተኛው ፊት የለውም። ገና አልነካሁትም። ፎቶውን የላክሁልህ ቆዳው ምን ዓይነት ይሁን ብዬ ልጠይቅህ ነበር፤ ጥያቄዬም ከጀርባው ተጽፏል። አንተ ግን የሌለ ዓይን አመሰገንክ።

መጀመሪያ አሾፈብኝ ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ ደብዳቤዎችህን ከመሳቢያ አውጥቼ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ጥቅምት ላይ የጻፍከው ፊደል ጤፍ ያክላል። ታኅሣሥ ላይ ባቄላ አከለ። የመጋቢቱ በአንድ ገጽ ስንት ቃል እንደያዘ እስቲ አስበው፤ መስመሩም ወደ ታች ይወርዳል። ዕድሜ ልኬን የሰው ፎቶ አጎንብሼ ሳይ የኖርኩ ሴት፣ የገዛ ወንድሜ ጽሑፍ ሲለወጥ አላየሁም። ሥራ በዛብኝ ብለህ እንዴት ታታልለኛለህ?

ዓይንህ ነው?

እንዳትዋሸኝ። ለመልስህ እንደ ልማድህ አትዘግይ።

እህትህ


ሰኔ 22

እትዬ፣

ዘገየሁ። ይቅር በይኝ። ይህን የምጽፈው ማስመሪያ አስደግፌ በወፍራም እስክሪብቶ ነው።

አዎ፣ ዓይኔ ነው። ዙሪያው አለ፣ መሃሉ የለም። ሰው ፊቴ ሲቆም ጫማውን አያለሁ፣ ትከሻውን አያለሁ፣ ከኋላው ያለውን ግድግዳ አያለሁ። ፊቱ ሊሆን የሚገባው ቦታ ላይ ግን ያልደረቀ ቀለም በጣት እንደታበሰ ነው። ሐኪሙ «ድፍን ጨለማ አይሆንብህም፣ አይዞህ» አለኝ። እንደዚያ ሲያጽናናኝም የእሱን ፊት አላየሁትም።

ያንቺን ደብዳቤ በማጉያ እያንዳንዱን ፊደል እያሳደድኩ ነው የማነበው። አንዱን ገጽ ስጨርስ የፊተኛው ይጠፋኛል። በእርሳስ የጻፍሽውን ግን ጨርሶ አላየሁትም። ሥራ ቦታ ሁለት አንሶላ አቃጥዬ ከመተኮሻው አነሱኝ። አሁን አጣፊ ነኝ። ማጠፍ ዓይን አይፈልግም።

ምስሎቹን ፊታቸውን ትቼ የቀረውን እየዳሰስኩ ስቀባ ከረምኩ። ፊት ላይ ስደርስ ይጠፉብኛል። አንቺ ብትቀቢያቸው፣ ምን እንደሚመስሉ ብትጽፊልኝ፣ ያየኋቸው ያህል ይሆንልኛል ብዬ ነው። አንቺን ማታለል አልነበረም ሐሳቤ። እሺ፣ ትንሽ ነበር።

አሁን ሁሉንም ላንቺ ልልካቸው ነው። በየካርቶኑ እያደረግሁ ቀስ በቀስ። ባዶ ግድግዳ ለእኔ ይበቃኛል። ና እንዳትይኝ ግን። የምታገላብጪው ሰው አለሽ፤ ሁለተኛ አልሆንብሽም።

ጉንዳን


ሐምሌ 10

ለወንድሜ፣

እግዚአብሔር ያበርታህ፤ እኔንም አብሮ ያበርታኝ፣ ዘንድሮ ለሁለታችንም በአንድ ላይ ነው የምለምነው።

በትልልቁ የጻፍኩት ለማጉያህ እንዲመችህ ነው። ደብዳቤህን ለሰውዬው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ስጨርስ «ጎን» አለኝ። በጎኑ ልተኛ ማለቱ መስሎኝ ትራሱን ሳነሳ ተቆጣ። «እሱ! ቀጥ… አይደለም። ጎን።» ላብ አጠመቀው። ቃሉን ፍለጋ ሲደክም አይቼ «ይቅርብህ» አልኩት፤ አልተወም። መጨረሻ ላይ «ጨለማ ክፍል» ሲል ገባኝ።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጥቡ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ዕቃ ይጠፋበታል። እሱ ሁልጊዜ የሚላቸው «ቀጥ ብለህ ያየኸው ይጠፋብሃል፤ አጠገቡን እይ፣ ራሱ ይመጣልሃል» ነበር። ላንተ ማለቱ ነው። ፊቱን አትይ፤ ጆሮውን፣ ትከሻውን እይ። ዙሪያው አለ አላልክም? ሐኪምህን ደግሞ ጠይቀው፤ የሰውዬው ምክር ከፎቶ ቤት ነው፣ ከሆስፒታል አይደለም።

አሁን ወደ ካርቶኖችህ። አልቀበልም። ባለቤቱ ከኋላው ያልመጣ ካርቶን እዚህ ቤት አይገባም፤ ያመጣውን ሰው «ቤት ተሳስተሃል» ብዬ እመልሰዋለሁ። በሕይወት ያለ ሰው ዕቃ ልከህ አታስለቅሰኝ።

ደክሞኛል። ይህን አልደብቅህም። ወገቤ ተቆርጧል፤ ጠዋት ካልሲዬን ሳጠልቅ እንደ አሮጊት እያቃሰትኩ ነው። አንተ ግን ትበላለህ፣ ትራመዳለህ፣ ታወራለህ። እዚህ ቤት የሌለው የሚያወራ ሰው ነው። ሸክም የምትሆነው እዚያ ሆነህ ሳስብህ ነው፤ እዚህ ሆነህ አይደለም።

እህትህ


ነሐሴ 25

ለእትዬ፣

ይህን የምጽፈው እኔ እንፋሎት ነኝ፤ የሚናገረው እሱ ነው። የምሳ ሰዓታችን ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅርታ። እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ደብዳቤሽን ከእንግዲህ የምታነብልኝ እሷ ናት። ያልሽውን ሞከርኩ። ሐኪሙም ‹ልክ ነው፣ የሚያሠለጥኑህ ሰዎች አሉ› ብሎ ላከኝ። የባለጦሯን ፎቶ ይዤ ጦሯን ብቻ ማየት ጀመርኩ። ረጅም ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ በጎን በኩል፣ ልክ እንደ ዓይናፋር ልጅ፣ ፊቷ ብቅ አለ። ግማሹ። ከንፈሯን አየሁት። እትዬ፣ በጣም ቀይ ነው! ተዋጊ ናት እኮ!»

(እኔ አምሮባታል ብዬዋለሁ። እንፋሎት።)

«ቶሎ ይደክመኛል። ትንሽ ካየሁ በኋላ ራሴን ያመኛል። ቢሆንም አየሁ። ለጋሼ ንገሪልኝ።

ሥራውን እስከ ጥቅምት ማብቂያ ነው የምሠራው። ከዚያ እመጣለሁ። ለጥቂት ጊዜ።»

(«ለጥቂት ጊዜ» ይላል እንጂ አልጋውን ለሰው ሰጥቷል። ይህንንም ጻፍኩት፤ ስላላየኝ ነው።)

«ትልልቆቹን ዘንዶዎች ለክበቡ ሰዎች ሰጠሁ፤ ሲሸኙኝ ፎቶ አነሱኝ። የቀሩትን ይዤ እመጣለሁ። እንዲህ አስቤአለሁ፤ እኔ እያጠብኩ መሠረቱን ልቀባ፣ አንቺ ፊቱን ቅቢ፣ ጋሼ መብራቱን ይዘዝ። ፎቶ ቤት ከፈትን ማለት ነው። ደረጃው ስንት ይሆን? መደገፊያ አለው?»

ወንድምሽ፣ በእንፋሎት እጅ


መስከረም 19

መጀመሪያ ለአንቺ፣ ለምታነቢለት እህቴ፣

ስላነበብሽለት፣ ስለጻፍሽለት፣ ያልወከለሽንም ጨምረሽ ስለነገርሽኝ ብድርሽን የሚከፍል ይክፈልልኝ። አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለሽ ከማንበብሽ በፊት ወንበር ስጪው። ሰው የማይበዛበት ቦታ ይሁን። አንቺም አጠገቡ ተቀመጪ።

ወንድሜ፣ ጋሼህ አረፈ።

በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩን ስትዘጋው ብቻህን ስለምትቀር ነው። በደብዳቤ ከሆነ የግድ ሰው አጠገብህ አለ ብዬ ነው። ተቆጣኝ ብትፈልግ፤ ያጠፋሁ አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ ነበር። የመጨረሻውን ደብዳቤህን ያነበብኩለት በዚያው ሳምንት ነው፤ ፎቶ ቤት ከፈትን የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀ። የግራው ግማሽ ብቻ ነው የሚስቀው፣ ግን ሳቀ። ያን ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ከድንኮቹ የአንዱን ቅንድብ እየሠራሁ ነበር። ትንፋሹ ረዘም ሲል ሰማሁ፤ እንቅልፍ መስሎኝ ደስ አለኝ። ቅንድቡን ጨርሼ ቀና ስል ሄዷል። ብሩሹን አጥቤ አስቀመጥኩት። ለምን እንዳጠብኩት አላውቅም። ከዚያ ነው የጮህኩት፤ ልብስ ሰፊዋ ናት ቀድማ የደረሰችው። ሲገንዙትም፣ ሲቀበርም፣ ሰው ሲመጣና ሲሄድም እጄን ይዛ ነበር።

እህቴ፣ ካለቀሰ ተይው ያልቅስ። ገጹ የትም አይሄድም።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ፍራሹን አስተነፈስኩት። ዕረፍት ድካሜን የሚወስድ መስሎኝ ነበር። አይወስደውም። ጠዋት ስነሳ እጄ ቀድሞኝ ይዘረጋል፤ የሚያገላብጠው ያጣል።

ቦታ ተለቀቀ ብዬ ና አልልህም። እሱ ኖሮም ና ብዬሃለሁ። ደግሞም እንዳትቀር፤ ሐዘን ያለበት ቤት አልሄድም፣ ልታስታምመኝ ነው እንዳትል። አላስታምምህም። ዕቃህን ራስህ ታጥባለህ፣ አልጋህን ራስህ ታነጥፋለህ፤ አጣፊ ሆነሃል አሉ። ደረጃው አጭር ነው፤ መደገፊያው በግራ በኩል ነው፤ ከላይ ያለው ብቻ ይነቃነቃል፣ እስክትመጣ አሠራዋለሁ። መብራቱን ጋሼ ይዘዝ ያልከው አሁን ለእኛ ቀርቷል። አንተ ከጎን እያየህ ትናገራለህ፣ እኔ እሳሳታለሁ፣ እንጨቃጨቃለን። ሌላ ምን እናደርጋለን?

የምትደርስበትን ቀን እህታችን ትደውልልኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ሰው ይበዛበታል፤ ሁሉም እየተጋፋ ነው የሚወጣው፣ አንተም ፊት አትለይም። ከበሩ እንደወጣህ ዕቃህን አስቀምጥና ዝም ብለህ ቁም። ማንንም አትፈልግ፣ ወደማንም አትሂድ። እኔ አይሃለሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ስምህን እየጠራሁ እመጣለሁ።

እህትህ